ሞተር ድንገት ቀጥ ስትል ከየት እንጀምር?

(በሐዋሳ ለሞተረኞችና ለጋራዥ ሠራተኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ስልጠና ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ! ከሐዋሳ፣ ከሻሸመኔ፣ ከወንዶ ገነት፣ ከይርጋለም የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የጋራዥ ልጆች አላችሁ። ዕቃ የምታመላልሱ አላችሁ። ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም አያችኋለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ። ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ደህና ስትሄድ የነበረች ሞተር ድንገት ቀጥ ስትል ምን እናደርጋለን? መብራት የለም፣ ክላክስ የለም፣ ኢንጂኑ ጸጥ። ያውም አሮጌ ሞተር። ኮምፒውተር ያላቸውን አዳዲሶቹን ዛሬ አልነካም። የማወራው ስለ ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ስለ ሆንዳ ኤክስኤልና ሲጂ፣ ብዙ ዓመት ስላገለገሉ ቦክሰሮች ነው። አገር ያቀኑ ሞተሮች ናቸው። ዛሬም ገጠር ገብተው የሚወጡት እነሱ ናቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሞተራችሁ ጠፍታ ጋራዥ ስትገፏት መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል ምንድን ነው? አዎ፣ ልክ ናችሁ! "ሲዲአይ ነው!" ይባላል። ብልጭታውን የሚያዘው ትንሽ ሳጥን ማለት ነው። ሲዲአይ ተገዝቶ ይለወጣል። አልነሳ ስትል "እንግዲያው ቦቢና ነው።" የብልጭታውን ቮልት የሚያሳድገው ጥቅል፣ ቦቢናም ይገዛል። ቀጥሎ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ። ባለሞተሩ የወር ደሞዙን ጨረሰ፣ ሞተሯ ግን እዚያው ቆማለች። ለምን? ማንም ስላልለካ! ማንም ስላልለካ ነው፣ ወገኖቼ። በሰው ገንዘብ ግምት እየሞከርን ነው።

እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህንን ለመናገር ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ድንገት የሚመጣ የኤሌክትሪክ መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከውድ ዕቃ አይደለም የሚመጣው። የሚመጣው ከመገናኛ ነው። ከፊውዝ ማቀፊያ፣ ከባትሪ ጫፍ፣ ከማሳ (ኤሌክትሪኩ በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ከሚመለስበት መስመር)፣ ከቁልፍ፣ መሪው ስር ከሚታጠፈው ሽቦ። እነዚህን ለማግኘት የሚያስፈልገው ትዕግስትና አንዲት ትንሽ አምፖል ነው። ስለ አምፖሏ እመለስበታለሁ፣ አትርሱብኝ።

አንደኛ ነጥቤ። ከመክፈት በፊት መጠየቅና ማየት።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ባለሞተሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ፒንሳ ካነሳን እጃችንን ይመቱን ነበር። "መጨረሻ ላይ ምን ተነካ?" ይላሉ። ሁልጊዜ ይህቺን ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ታጥባ ነበር? ዝናብ መታት? ክላክስ ተቀየረላት? የስልክ ቻርጀር ተገጠመላት? መጫኛ ተበየደላት? ያኔ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ትናንት የተነካ ቦታ ዛሬ ለጠፋው ነገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

ቀጥሎ አጠፋፏን ጠይቁ። እንደ መብራት ማብሪያ ጠቅ ብላ ነው የጠፋችው? ወይስ እያሳለች፣ እየተንገዳገደች፣ እየደከመች? ጠቅ ብላ ከጠፋች ወደ ኤሌክትሪክ ሂዱ። እያሳለች ከጠፋች ነዳጅም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሄዳ የምትጠፋ፣ አሥር ደቂቃ አርፋ የምትነሳ ሞተር ስትመጣላችሁ የሰርባታዮውን፣ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ክፈቱት። አየር ስባ "ፍስስ" ካለች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይህንን ሳያዩ ቦቢና የለወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ቁልፉን ክፈቱ። ኢንጂኑን ለማስነሳት አትሞክሩ። ክላክስ ብቻ ንኩ። ክላክስ የመጀመሪያ መለኪያችሁ ነው! ለምን መብራት አልሆነም? ብዙ ትንንሽ አሮጌ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ በቀጥታ ከዲናሞው ነው የሚበራው። ኢንጂኑ ካልተነሳ አይበራም። ስለዚህ የፊት መብራት ባለመብራቱ አትደንግጡ። ክላክስ፣ ፍሬቻና የኒውትራሏ አረንጓዴ መብራት ግን ከባትሪ ነው የሚመጡት።

ክላክሱ ጥሩ አድርጎ ከጮኸ ባትሪው፣ ፊውዙና ቁልፉ እየሠሩ ነው። ኤሌክትሪክ ከሆነ ችግሩ ብልጭታ ወደሚሰጠው ካንዴላ የሚሄደው መስመር ላይ ነው፤ እደርስበታለሁ። ክላክሱ ዝም ካለ፣ አረንጓዴዋም ካልበራች፣ ሁሉም ሞቷል ማለት ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ ይኼኛውን ልብ በሉልኝ። አረንጓዴዋ ቦግ ብላ በርታለች። ክላክስ ስትነኩ ግን እሷም አብራ ትጠፋለች። ስትለቁ መልሳ ትበራለች። ይህንን ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል! ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ አንድ ቦታ የላላ ወይ የዛገ መገናኛ አለ። ትንሿን አምፖል ይችላታል፣ ክላክሱን ሲጠየቅ አይችልም።

ሁለተኛ ነጥብ። መንገዱን ከባትሪ ጀምሮ መከተል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ።

ከባትሪ ተነስቶ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ሁሉም ቦታ፣ ከዚያ በማሳ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። መንገዱ ይኸው ነው። ሆንዳ ላይ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ቀይ፣ ከቁልፍ የሚወጣው ጥቁር፣ ማሳው አረንጓዴ ነው። ያማሃ ላይ ከባትሪ የሚመጣው ቀይ፣ ከቁልፍ የሚወጣው ቡኒ፣ ማሳው ጥቁር ነው። አያችሁ? ጥቁር ሽቦ ሆንዳ ላይ ፖዘቲቭ ነው፣ ያማሃ ላይ ማሳ። ይህንን ያላወቀ ልጅ በአንድ ንክኪ ፊውዝ ያቃጥላል። ደግሞ ስንት እጅ የነካው አሮጌ ሞተር ላይ ቀለም ብቻ አይታመንም። በመለኪያ አረጋግጡ።

ባትሪውን ለኩ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጥሩ ተሞልቶ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። 12 ከሆነ ሊያልቅ ነው። 10.5 አካባቢ ከቆመ፣ ቢሞላም ከዚያ አልወጣ ካለ፣ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል። እያንዳንዱ ሴል ወደ 2.1 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ያንን ባትሪ አትልፉበት። ባለ 6 ቮልት የሆኑ የድሮ ሞተሮችም ስላሉ መጀመሪያ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ከዚያ የባትሪውን ጫፎች በእጃችሁ አንቀሳቅሱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አብርታችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ላዩ ላይ ቫዝሊን ቀቡት። ስትፈቱ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ፣ ስትገጥሙ ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ። ይህ ከእሳት የሚያድን ልማድ ነው።

ፊውዙን አውጡ። በዓይን አይታችሁ "ደህና ነው" አትበሉ። የመስታወቱ ፊውዝ ጫፉ ላይ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ተሰንጥቆ ደህና ይመስላል። ለኩት። ማቀፊያውንም እዩ። ፊውዙ ደህና ሆኖ ማቀፊያው ውስጥ ዝጎ ወይም ላልቶ የቆሙ ሞተሮች ቁጥር ስፍር የላቸውም።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከልቤ ነው የምለምናችሁ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ አትጠምዝዙ! በሲጋራ ብርማ ወረቀት አትጠቅልሉ! ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ቦታ ባለ 30 አትክተቱ! ፊውዙ የተቃጠለው ሥራውን ስለሠራ ነው። እሱ አልቃጠልም ሲል የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦው የሚያልፈው የት ነው? በሰርባታዮ ስር! ቤንዚን ስር! ሽቦዎቿ እንደ አንድ ተጣብቀው ቀልጠው የመጣች ሞተር ፈትቻለሁ። እሳቱ ሰርባታዮው ጋ ሳይደርስ የቆመው በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ነው።

ታዲያ ፊውዝ በፊውዝ ላይ ሲቃጠል ምን ይደረግ? አምፖሏ የመጣችው እዚህ ጋ ነው። ይህቺን እዩ። የፍሬቻ አምፖል ናት፣ 12 ቮልት 21 ዋት። ሁለት ሽቦ አስሬባታለሁ፣ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ አለ። ሌላ ምንም የላትም። ፊውዙን አውጡና በቦታው እሷን አገናኟት። ቁልፉን ክፈቱ። የሆነ ቦታ ፖዘቲቩ ከማሳ ጋር ተነካክቶ ከሆነ አምፖሏ ሙሉ ብርሃኗን ትሰጣለች። ሽቦው ግን አይቃጠልም፣ ምክንያቱም ከ2 አምፔር በታች ብቻ ነው የምታሳልፈው። ቦግ እንዳለች ትቆያለች፣ እናንተ ተረጋግታችሁ ትፈልጋላችሁ። አንዱን ሶኬት ትነቅላላችሁ። ለውጥ የለም። ሌላውን ትነቅላላችሁ። ለውጥ የለም። አንዱን ስትነቅሉ ድንገት ትፈዛለች ወይም ትጠፋለች። አገኛችሁት!

አንድ ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ነበር። ፊውዝ በየቀኑ ነው የሚገዛው። ባዶውን ሲሄድ ምንም አይሆንም። ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ፊውዙ ይሄዳል። የሄደበት ጋራዥ ሁሉ "ሬጉላተር ነው" ይለዋል። አምፖሏን አስገብቼ ቁልፍ ከፈትኩ። ጠፍታ ቀረች። ሁለት ሰው ከኋላ እንዲቀመጥና እንዲዘል አደረግኩ። ቦግ! ሲነሱ ትጠፋለች። ሲቀመጡ ቦግ! ተንበርክኬ የኋላ ጎማው መከለያ፣ ፓራፋንጎው ስር በስልክ መብራት አየሁ። የኋላ መብራቱ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ ወደ ጎማው ወርዷል። ጭነት ሲኖር ጎማው እየፋቀ ሽፋኑን ልጦታል፤ መዳቡ ራቁቱን ቀርቶ ፓራፋንጎውን ይነካል። በፕላስተር ጠቀለልነው፣ ወደ ላይ አሰርነው፣ አለቀ። ያ ልጅ ሬጉላተር ለመግዛት ብር ሊበደር ነበር።

አሁን ስለ መለኪያ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዲጂታል መለኪያው 12 ቮልት አሳየ ማለት መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም! ሽቦው ውስጥ ካሉት ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር እንኳ መለኪያው 12 ያሳያል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የሚስበው ነገር ኢምንት ነው። ክር ምንም ካልተንጠለጠለበት ገመድ ይመስላል። ጭነት ስጡት! ፍሬቻውን፣ ክላክሱን ንኩና በዚያው ሰዓት ለኩ። ወይ በአምፖሏ ፈትሹ፤ ደብዘዝ ካለች መስመሩ ታሟል።

ማሳውንም በዚሁ መንገድ ያዙት። የመለኪያውን ጥቁር እግር የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የኢንጂኑ ንጹህ ብረት ላይ አድርጉ። ክላክስ ንኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ ከወጣ ማሳው ላይ ዝገት ወይ ቀለም አለ። ቀለም የተቀባች አሮጌ ሞተር ስትመጣ ይህንን እዩ። ሻሲው ሲቀባ ማሳው የሚታሰርበት ቦታም አብሮ ይቀባል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ይህ ነጥብ ከማለቁ በፊት ስለ መሪ። መሪው በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚዞረው? ከቁልፍና ከማብሪያዎች የሚመጣው ሽቦ ሁሉ በዚያች አንገት ያልፋል። ዓመት በዓመት ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍ። ሽፋኑ ሳይቀደድ ውስጡ ይበጠሳል።

አንዲት የጤና ባለሙያ እህታችን ክትባት ይዛ ገጠር ስትሄድ ሲዲአዩ በባትሪ የሚሠራ ያማሃዋ ድንገት ትጠፋባታለች። ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ገፍታ ዳር ስታወጣት ደግሞ ትበራለች። ሲዲአይ አስለውጠዋታል። ባትሪ አስለውጠዋታል። እኔ ጋ ስትመጣ ደክሟት ነበር፣ እንባዋ ነው የቀረው። "የት የት ነው የምትጠፋብሽ?" አልኳት። አስባ፣ አስባ "ኩርባ ላይ" አለችኝ። ኩርባ ላይ! ቁልፉን ከፈትኩ። መሪውን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩ። አረንጓዴዋ ጠፋች። ወደ ቀኝ መለስኩ። በራች። አንገቷ ላይ ያለውን ፕላስተር ፈትቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣቴ አጠፍኩ። ቡኒው ላይ ስደርስ አንድ ቦታ ላይ ልፍስፍስ አለብኝ፣ አጥንት እንደሌለው። ሽፋኑ ደህና ነው። ከፈትኩት። ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። የዛገ መዳብ ጥሩ ግንኙነት ስለማይሰጥ፣ የሚያብረቀርቀው ንጹህ መዳብ እስኪመጣ ቆርጬ አዲስ ሽቦ ቀጠልኩላት። የሽቦው ዋጋ ከአንድ ስኒ ማኪያቶ አይበልጥም። የከፈለችው ግን የሁለት ዕቃ ዋጋ ነበር፤ ያውም በቀዝቃዛ ሣጥን ክትባት ይዛ መንገድ ላይ ቆማ። ይህ ያናድደኛል። ሊያናድደንም ይገባል።

ሦስተኛ። ክላክሱ ይጮሃል፣ ኢንጂኑ ግን አይነሳም።

መጀመሪያ መሪው ላይ ያለችውን ማጥፊያ ቀይ ቁልፍ እዩ። ልጆች ነክተዋት ይሆናል። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታችሁ፣ ኮፍያው ውስጥ አስገብታችሁ፣ ብረቱን ኢንጂኑ ላይ አስነክታችሁ የማስነሻውን ፔዳል ምቱ። ቤንዚን በአካባቢው እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ ኤሌክትሪኩን ተዉት፣ ነዳጅ ፈልጉ። ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ፣ ኮፍያውን ንቀሉና ሽቦው ጫፍ ላይ እርጥበት እንዳለ እዩ። ክረምት ላይ ይኼኛው ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። በብዙ አሮጌ ሆንዳና ያማሃ ላይ ሲዲአዩ ኃይሉን ከባትሪ ሳይሆን ከዲናሞው ነው የሚያገኘው። ባትሪ ሳይኖርም ይነሳል። ኢንጂኑ የሚጠፋው አንድ ጥቁር ነጭ መስመር ያለበት ሽቦ ከማሳ ጋር ሲነካ ነው። ያ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ሻሲውን ከነካስ? ቁልፉ ተከፍቶም ኢንጂኑ "ጥፋ" የሚል ትእዛዝ እየደረሰው ነው! ሲዲአይ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ሽቦ ሲዲአዩ ጋ ንቀሉና ምቱ። ብልጭታ ከመጣ ሲዲአዩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከሽቦው፣ ከማጥፊያው ወይም ከቁልፉ ነው። ግን ሽቦው እንደተነቀለ ከተነሳች በቁልፍ አትጠፋምና ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ ፍሪሲዮን ለቅቃችሁ ነው የምታጠፏት።

ስትሞቅ የምትጠፋ፣ ስትቀዘቅዝ የምትነሳ፣ የሰርባታዮ ክዳኗም ደህና የሆነች ካለች፣ ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ጥቅሎችና ቦቢናውን እንደጋለች ለኩ። ቀዝቅዛ ስትለካ ሁሉም ደህና ነው የሚመስለው። በግምት ሳይሆን በልክ ዕቃ የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው።

አራተኛው አጭር ነው፤ ቻርጅ ማድረጓ። ኢንጂኑን አስነስታችሁ ጋዝ ስጡ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ጥሩ ነው። ከፍ ካላለ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ዲናሞና ሬጉላተር የሚገናኙበትን ሶኬት እዩ፤ ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ ከቀለጠ ምክንያቱ ራሱ ሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት ቦታ ባለ 60 የከተታችሁ ሰዎች፣ የዚያች ሞተር ዲናሞ ለዚያ አልተሠራም።

ይህቺን ደግሞ በጣም ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። ዲናሞው መሥራቱን ለማየት ኢንጂኑ እየሠራ የባትሪ ጫፍ መንቀል ይቅር! ይቅር! ብዙ ጋራዥ የሚደረግ ነገር ነው። ባትሪው ሲወጣ ቮልቱን የሚያረጋጋው ነገር ይጠፋል፣ ከፍ ብሎ አምፖሉንም፣ ሬጉላተሩንም፣ በባትሪ የሚሠራ ሲዲአይ ካለም እሱንም ያቃጥላል። አንድ ብልሽት ይዞ የመጣን ሰው በሦስት እንሸኘዋለን።

መንገድ ላይ ለምትሆኑት ደግሞ፤ ማታ ሁሉም ነገር ሲጠፋ የኋላ መብራታችሁም ጠፍቷል። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ አያያችሁም! ምንም ከመፈተሻችሁ በፊት ሞተሯን ከአስፋልቱ አውርዷት። ከዚያ ነው ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማሳ። ወንበር ስር ሊኖር የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ሦስት ፊውዝ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ አንድ ሜትር ሽቦና ያቺ አምፖል።

በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከጥያቄው በኋላ ወደ ግቢው እንወጣለን። ሦስት ሞተሮች ቆመዋል፣ ሦስቱም አይነሱም። አንዷ ላይ ፊውዝ ይቃጠላል፣ አንዷ ክላክስ ሲነካ ትጠፋለች፣ አንዷ ክላክሷ ደህና ሆኖ ብልጭታ የላትም። አምስት አምስት እየሆናችሁ ተከፋፈሉ። አምፖልና መለኪያ ለየቡድኑ ይሰጣል። አዲስ ዕቃ ግን አልሰጥም፣ አያስፈልግምም።